እንጨት የረሳችው ፈንገስ

ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ እውነት ነው። እንዲያውም እውነት ራሷ ለምስክርነት ብትጠራ እንዲህ አጥርታ አትናገረውም። አንዲት ጠብታ ውሸት ከተገኘችበት የጻፈው እጅ ይድረቅ፣ ያወራውም ምላስ ይታሰር።

በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት፣ ከውሃ ማፍያው ጋን፣ ከቦይለሩ ክፍል ጎን፣ አንድ ጠባቂ ነበር። ጠባቂ ሲባል ዱላ ይዞ በር ላይ የሚቆመው አይደለም። እሱ የሚጠብቀው ፍሪጅ ውስጥ በየብርጭቆ ቱቦው ተደርድረው የሚኖሩ ፈንገሶችን ነው፤ ያውም የወደቀ ግንድ በልተው፣ አበስብሰው አፈር የሚያደርጉትን። ጫካ ሲመነጠር እነሱም አብረው ይጠፋሉና ዘራቸው እንዳይቋረጥ ከነሕይወታቸው እዚያ ይቀመጣሉ። የሚስቱ ወንድሞች "ጋሼ ሻጋታ" ይሉታል።

"ሰው ዳቦው ሲሻግት ይጥላል፤ የእኛ እህት ባል ደመወዝ ይበላበታል!" እያሉ ይስቁበታል።

እሱ ደረቱን ነፍቶ፣ "እኔ ባልኖር ኖሮ ዓለም በወደቀ ግንድ ታፍና ትሞት ነበር" ይላል። ማንም አያምነውም፤ ማንም ግን ተነስቶ አይሄድም። እሱ ሲያወራ ዝንብ እንኳ መብረሯን ትታ ግድግዳው ላይ ትቀመጣለች።

ከፈንገሶቹ ሁሉ አብልጦ የሚወዳት አንዲት ነበረች። የወረቀት ስሟን ለመጥራት ሁለት ጊዜ መተንፈስ ስለሚያስፈልግ "ሙሽሪት" ይላታል። ሙሽሪትን ከጫካ ያመጧት ሥራውን ያስተማሩት እትዬ ነበሩ፤ ያገኟት ደግሞ ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ አረፍ ባሉበት ነው። ያ ጫካ ዛሬ የለም። በቦታው የሚበቅለው የጠጠር መፍጫ ማሽን ነው። ሌላ ቦታም ተፈልጋ አልተገኘችም። እንግዲህ በዚህች ምድር ላይ ሙሽሪት በሕይወት ያለችው በጠባቂው ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ነበር ማለት ነው።

እትዬ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ዓይናቸው ደክሞ ልጃቸው ዘንድ፣ ሩቅ ከተማ፣ ሊሄዱ ሲሉ ደወሉ።

"ልጄ፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። እዚያ ቱቦህ ውስጥ የተኛችውን አይደለም። እንጨት ላይ ሆና፣ ባለቤቴ እንዳገኛት ሆና፣ አንዴ በእጄ ልዳስሳት።"

"ይሄማ ምን ችግር አለው እትዬ! እርስዎ ብቻ ይምጡ! እንኳን እንጨት፣ የተቋሙን ጣራ ትበላልዎታለች!"

ስልኩን ዘግቶ ሥራ ጀመረ። እንጨት ቆርጦ በእንፋሎት ቀቀለ፣ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ከተተ፣ ከሙሽሪት ቆንጥሮ አስቀመጠበት። የጎረቤት ጠርሙሶች ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ፈንገሶች እንጨታቸውን እንደ ተራበ ወታደር ያዙት። ሙሽሪት ግን "በልቼ ነው የመጣሁት" እንደምትል እንግዳ ተኮፍሳ ቀረች። እንጨቱን ቢለውጥ ያው ነው። ወፍራም ቢሰጣት፣ ቀጭን ቢሰጣት፣ ሰጋቱራ ቢበትንላት ያው ነው።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። በየጥቂት ወሩ ከአሮጌው ቱቦ ቆርጦ ጣፋጭ ብቅል ወዳለበት ወደ አዲስ የረጋ ምግብ ሲያዛውራት፣ ሁልጊዜ የሚቆርጠው ቶሎ ከተስፋፋው፣ ከነጣው፣ ከሚያምረው ጠርዝ ነበር። እትዬ፣ "ከየጠርዙ ውሰድ፤ ዘገምተኛዋንም አትናቃት" ብለውት ነበር። እሱ ግን ቆንጆ ይወዳል። ጣፋጭ ላይ ፈጣን የሆነችውን እየመረጠ፣ እንጨት የምታውቀውን እየጣለ፣ ዓመት ዓመትን ሲወልድ አንዲት የተቀማጠለች ጨጓራ አሳድጎ ኖሯል።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ስፌት ላይ ነበረች።

"ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ፊትህ እርጥብ ጆንያ መስሏል።"

"ሙሽሪት እንጨት ረሳች።"

"አስታውሳታ! እኔ አንተን ስንቱን ሳስታውስህ እኖር የለ?"

"አትቀልጂ። እትዬ ሊመጡ ነው። 'ባለቤትዎ ያገኟትን፣ የቀረችዎትን አንዲት ነገር፣ በጣፋጭ አበላሸኋት' ልበላቸው?"

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። "አዎ፣ እንደሱ በላቸው። ይቆጡህ፤ ተቆጥተው ይበርድላቸዋል።"

"ከማለት መሞት ይሻላል።"

"አንተም ለካ አፍህን የሚይዝህ ነገር አለ" አለችና፣ ቀና ብላ ስታየው አሳዘናት፤ ሻዩን ራሷ ቀድታ ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማ ሁሉ አፉን ይዟል። ጠባቂው ከሰባት አገር እንጨት አስመጣ። የከተማው አናጢ ሁሉ ቁርጥራጭ ተሸክሞ በሩ ላይ ተሰለፈ። ሙሽሪትን ከብቅሉ ነጥሎ በረሃብ ቀጣት፤ እሷም እንደ ጥፋተኛ ኮረዳ አንገቷን ደፋች። መብራት ሲጠፋ ጠርሙሷን ኮቱ ውስጥ ከቶ እንደ ዶሮ ታቀፋት። ዘፈነላት፤ ድምፁን የሰሙ የላይኛው ፎቅ ሳይንቲስቶች መስኮታቸውን ዘጉ የሚሉ ምቀኞች አሉ፣ ግን የዘጉት እንባቸው እንዳይታይ ነው።

እናም አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሙሽሪት ነከሰች!

እንጨቱ ነጣ፣ ላላ፣ እንደ ስፖንጅ ሆነ። ከጎኑ መጀመሪያ ጆሮ የምታህል ብቅ አለች፤ ቀጥላ ሳህን አከለች፤ በሳምንቱ ጃንጥላ ሆነች። ሰው እንጉዳይን "የጅብ ጥላ" የሚለው ለወጉ ነው፤ በዚህችኛዋ ሥር ግን ጅቡ ከነቤተሰቡ ይጠለል ነበር። ጠርሙሱ አልቻላትም፤ ጧ! ብሎ ፈነዳ። ክዳኑ ጣራ መታ። የቦይለሩ ሠራተኛ የእሱ ጋን የፈነዳ መስሎት ጫማውን ጥሎ ግቢውን ሦስቴ ዞረ።

እትዬ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ሲመጡ ጃንጥላዋ በሩን ዘግታ ተቀበለቻቸው። በሁለት እጃቸው ዳሰሷት፣ አሸተቷት።

"እሷው ናት" አሉ። "ባለቤቴ ያገኛት እሷው ናት።" ቀጥለውም የጠባቂውን ግንባር ስመው፣ "አስተማሪህ እኔ ነበርኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ" አሉት። እሱም ትሑት ሰው ስለሆነ፣ "ኧረ ተራ ነገር ነው እትዬ" ብሎ መሬት መሬት አየ።

ጠባቂው ይህን ታሪክ ለሚስቱ ወንድሞች ሲነግራቸው እዚህ ላይ አረፍ ብሎ ውሃ ጠጣ።

"እና ጃንጥላዋ የት ናት ጋሼ ሻጋታ?" አለ ታናሹ። "እኛም እናያት!"

"ንጉሥ የሚያህል ሰው መጥቶ ወስዷታል! ስሙን ግን እንዳልናገር አስምሎኛል።"

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ሚስቱ ብቻ አልሳቀችም። የታናሽ ወንድሟን ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"ጠርሙስ አልፈነዳም" አለች ቀስ ብላ። "የእሱ ሙሽሪትም እስካሁን እንጨት አልበላችም።"

"አንቺዬ..." አለ ጠባቂው።

"ምሳ ላደርስለት ሄጄ እዚያው ነበርኩ። እትዬ መጡ፤ ባዶውን እንጨት ዳሰሱ፤ አልተቆጡትም። ከቦርሳቸው በካልሲ የተጠቀለለች ቱቦ አወጡ። ውሃ ውስጥ የተቀመጠች ቁራጭ እንጨት ናት፤ ባለቤታቸው ሙሽሪትን ባገኙ ቀን፣ እሷ ካለችበት ግንድ የፈለጧት። እስከዛሬ ቤታቸው ፍሪጅ በር ላይ፣ ከቅቤው ጎን ቆይታለች። 'ባልሽ ቆንጆ ቆንጆውን እንደሚመርጥ አውቃለሁ፤ ዘገምተኛዋን እኔ ይዤለት ነበር' አሉኝ።"

ታናሹ ወንበሩን ወደ እህቱ አስጠጋ።

"ጉዟቸውን አቆይተው አብረው አዲስ እንጨት ላይ አስቀመጧት። ሰንብቶ ሰንብቶ አንዲት ክር ወጣች፤ ከሸረሪት ድር የቀጠነች። በእጅ የምትዳሰስ አይደለችም። እሳቸውም አይታያቸውም። በማጉያ መነጽር ያየላቸው እሱ ነው።"

"አይቶስ ምን አላቸው?" አለ ታናሹ።

ሚስቱ ሸሚዙን አጠፈችው።

"ምንም። ያን ቀን ቃል ከአፉ አልወጣም። እጃቸውን ይዞ አለቀሰ፤ እሳቸውም ገባቸው።"