ሦስተኛው ሽማግሌ

ፋናዬ ድምፁን ስትሰማ የፀጉር መተኮሻው ከእጇ ወደቀ። የወንድሟን ምንጣፍ ሊያቃጥለው እኮ ነበር! ዘላ አነሳችውና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። አዎ፣ እሱ ነው። እንደዚህ ለስለስ አድርጎ «እንደምን ዋላችሁ» የሚል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው ያለው። ፀጋአብ! የቀድሞ ባሏ! ሳሎን ውስጥ! ያውም ዛሬ!

ዛሬ ምን ቀን መሰላችሁ? ምስጋና ሽማግሌ የላከበት ቀን ነዋ! ምስጋና ማለት በዲቪ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ጨዋ፣ ደግሞ ሲበዛ ቆንጆ፣ ቴክስት ስታደርግለት ወዲያው የሚመልስ ልጅ ነው። ፋናዬ «አንዴ አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ሽማግሌ ምን ያደርጋል፣ ዝም ብለን እንፈራረም» ብትለው «ወጉማ አይቀርም» ብሎ ድርቅ አለ። እሺ አለች። ሽማግሌዎቹም ወንድሟ ብርሃኑ አትላንታ ዳር፣ ሮዝዌል አዲስ የገዛው ቤት ሊመጡ ተቀጠረ። እሷ ደግሞ በወጉ መሠረት መኝታ ቤት ገብታ ዝም ማለት አለባት። ዝም!

ነገሩ የተበላሸው ጠዋት ነው። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱን አለቃው ኦፍ ከለከለው። ሁለት ሆኖ ደግሞ አይኬድም። ምስጋና ጭንቅ ሲለው፣ ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቁ የሚያውቀውን አንድ አፉ ማር የሆነ ሹፌር ለመነ። «ጋሼ ፀጋአብ፣ በናትህ ዛሬ አንዴ አድነኝ!» ፀጋአብ ሽምግልና ከተባለ ከሞት ይነሳል፤ የሴትየዋን ስም እንኳ ሳይጠይቅ ሱፉን ለብሶ መጣ። ምስጋናስ በምን ይወቅ? ፋናዬ እኮ የቀድሞ ባሏን «ያ ሰውዬ» እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም።

ብርሃኑ በሩን ሲከፍት ፀጋአብ አየውና ፊቱ አመድ ሆነ። ግን ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ስምዖን ምርቃቱን ጀምረዋል፣ ማን ያቋርጣቸዋል? ብርሃኑ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ፈገግ ብሎ «ግቡ፣ ግቡ» አለ።

ፋናዬ ደሟ ፈላ። ይሄ ሰው አትላንታ ውስጥ ያልገባበት የባልና ሚስት ጠብ የለም! የቻምብሊ ሰፈሮቹን አስታርቋል፣ የማሪዬታ ሰፈሮቹን ሁለቴ አስታርቋል። እሷ በነርስነት ስትመረቅ ግን ወንበሩ ባዶ ነበር። የት ሄዶ? የሰው ትዳር ሊያስታርቅ! የዛን ቀን «ውጣልኝ» አለችው። ወጣ። በቃ፣ ወጣ! ስንት ጊዜ ጠበቀች፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ እንኳ አልላከባትም። ፍቺ ስትጠይቅም ዝም ብሎ ፈረመ። አሁን ራሱ ሽማግሌ ሆኖ መጣ። ለሌላ ወንድ!

«ለመሆኑ ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ ብርሃኑ፣ ሆን ብሎ።

«እሱን እንኳ ተናጋሪያችን ይንገርዎት» አሉ ጋሽ ስምዖን። «በል እስቲ ፀጋአብ።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ ዑመር በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«ልጁ…» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ልጁ ጥሩ ነው። እመጣለሁ ካለ ይመጣል። ሚስቱ ስትመረቅ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያጨበጭብ ነው። ውጣ ብትለው እንኳ በሯ ላይ የሚያድር ነው። እንደ ሞኝ ለሰው ቤት ሲሮጥ የራሱን ቤት…»

የመኝታ ቤቱ በር ተበረገደ። ፋናዬ! ግማሽ ፀጉሯ ተተኩሷል፣ ግማሹ ቆሟል፣ መተኮሻውን እንደ ዱላ ይዛዋለች።

«ይሄንን ለኔ መቼ ነገርከኝ?! እስከዛሬ አፍህ የት ነበር? በሌላ ሰው ስም ነው የምታወራኝ?»

«ፋኒ…»

«ፋኒ አትበለኝ!»

«ያ አላህ! ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አሉ ጋሽ ዑመር።

«ባሌ ነበር!»

ጋሽ ስምዖን አማተቡ። ብርሃኑ ሳቁን ሊደብቅ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ልጄ፣ ተረጋጊ» አሉ ጋሽ ስምዖን። «ያለፈው አልፏል። የላከን ልጅ ውጭ መኪናው ውስጥ መልስ እየጠበቀ ነው። ምን እንበለው?»

ፋናዬ ፀጋአብን ትክ ብላ አየችው። በሆዷ ማለች፦ አግቢው ካለኝ ዛሬውኑ ነው የማገባው!

«እሱ ይንገረኝ። ሽማግሌ አይደል? ሽማግሌ ይመክራል። ላግባው ወይስ ይቅርብኝ?»

ፀጋአብ አላበው። የላከውን የከዳ ሽማግሌ ከእንግዲህ የማንንም ደጃፍ አይረግጥም። እሱ ደግሞ ያለ ሽምግልና ምኑ ሰው ነው?

«አታግቢው» አለ።

«ምን?!» ጋሽ ስምዖን ብድግ አሉ። «አንተ! የላከህን ትከዳለህ? ከዛሬ ወዲያ ማን ይልክሃል?»

«ማንም አይላከኝ! ፋኒ፣ አታግቢው። እኔ… ማለቴ… እኔ እኮ…»

ማር አፉ ተሳሰረ። በቃ፣ ምንም አልወጣውም!

ፋናዬ መተኮሻውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና በባዶ እግሯ ወደ ውጭ ወጣች። ምስጋና ሲያያት መስታወቱን ዝቅ አደረገ። እውነቱን ራሷ ነገረችው፣ «ያ ሰውዬ» ፀጋአብ እንደሆነና ገና ከልቧ እንዳልወጣ፤ ለሽማግሌ አልተወችውም።

«ጋሼ ፀጋአብን?» አለ። «እኔው ራሴ ለምኜ፣ እኔው ራሴ ጭኜ አምጥቼው?!» መሪውን በቡጢ መታው። «አንቺስ ብትሆኚ፣ ገና የምትወጂው ከሆነ በእኔ ለምን ትጫወቻለሽ?»

እውነቱን ነው። ሽማግሌዎቹን እንኳ ሳይጭን ጎማውን አስጩኾ ሄደ፣ እሷም በራሷ ይበልጥ ተናዳ ተመለሰች።

ፀጋአብ ሳሎኑ መሀል ተገትሯል።

«ፋኒ፣ ይቅር…»

«ዝም በል! ለሰው ሁሉ ስትናገር ኖረሃል። ዛሬ እኔ ነኝ የምናገረው!»

ብርሃኑ ሁለቱን ሽማግሌዎች በራሱ መኪና ሊያደርሳቸው ይዟቸው ወጣ። ፋናዬ ጀመረች። ብቻዋን የበላችውን እራት፣ ብቻዋን የታመመችውን ጉንፋን፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እሱ መስሏት የሮጠችውን፣ ሁሉንም ጮኸችበት። ጎረቤት ቢሰማ ይስማ! እሱ አንዴም አላቋረጣትም። ትንፋሽ ልትወስድ ስትቆም ቀና ብሎ አያት።

«ከዛስ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ከዛማ!» አለችና እንደገና ጀመረች።