የመሕሙድ ደረቅ ብስክሌት

መሕሙድን የቀበርነው ሐምሌ ላይ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ያ ሰው እሱ ይበሰብሳል እንጂ ብስክሌቱን ዝናብ አያስነካም ነበር።

ኮምቦልቻ፣ ብረት ማቅለጫ ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። ብስክሌቱን እንደ ሰው በር ላይ አያቆማትም። እስከ ምድጃው ድረስ ገፍቶ ያስገባና በጨርቅ ወልውሎ ግድግዳ ያስደግፋታል።

«ብርድ ልብስም ደርብላት እንጂ» እለዋለሁ።

«ደምመላሽ፣ ቅናት ይዞሃል። ወላሂ፣ አንተን ሚስትህ እንዲህ አትወለውልህም!»

ያን ክረምት ቫናዲየም የማውጣት ሙከራ ላይ ነበርን። ቫናዲየም ብረትን የሚያጠነክር ነገር ነው። ከምድጃው ቀልጦ የወጣው ብረት ላይ ኦክስጅን ሲነፋ፣ ቫናዲየሙ ከላይ ወደሚንሳፈፈው ቆሻሻ፣ ወደ ብረት አሩ፣ ይገባል፤ ድሮ የምንደፋው አር ማለት ነው። ብረቱ ከልክ በላይ ከጋለ ግን ብረቱ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ማብረጃ ቀዝቃዛ ቁርጥራጭ ብረት ይጨመርበታል። ቀደም ሲል ሞክረን ከሽፎብናል። አሁንም ካልተሳካ ክፍሉ ይዘጋል፣ እኛም ወደየቤታችን ተብለናል።

የቀለጠው ብረት ትንሹ የሙከራ መቅጃ ባልዲ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ጉዳችን የታየው። ውጭ የተከመረው ቁርጥራጭ ሲዘንብበት አድሯል። እርጥብ ብረት ደግሞ እዚያ ከገባ ይፈነዳል።

«ደረቅ ብረት የለም?» ብላ ጮኸች ኢንጂነር ፀሐይነሽ።

ሁላችንም ዞረን ግድግዳውን አየን።

«አይሆንም!» አለ መሕሙድ። ማንም ምንም አላለውም እኮ። «የደምመላሽ ምሳ ዕቃ አለ አይደል?»

«ሽሮ አለበት» አልኩት። «እርጥብ ነው።»

መቅጃውን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ ጎማዋንና ኮርቻዋን ራሱ ፈታ። ማንንም አላስነካም። ቧንቧዋን በግራይንደር ቆራርጦ ከፋፈተና ቁራጮቹን በዚያችው ጨርቁ ይወለውል ጀመር።

«አሁን ደግሞ ምን ያስወለውልሃል?» አልኩት።

«ታዲያ ቆሽሻ ትሂድ?»

ቁራጮቹ ገቡ፣ ሙቀቱ ረገበ፣ ኦክስጅኑ ተነፋ። አሩን ለይተን ቀዳን። ላቦራቶሪው ቫናዲየሙ አሩ ውስጥ አለ ብሎ ሲያበስረን ጨፈርን። መሕሙድ ያተረፋትን ደወል በእጁ ይዞ እያቃጨለ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

ኋላ አዋጥተን ሌላ ገዛንለት። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ሲያስገመግም ብስክሌቷን ለማስገባት የምንሮጠው እኛ ሆንን።

ትናንት ደሴ፣ ፒያሳ ላይ ሳለሁ ዶፍ ወረደ። ለመሕሙድ ሚስት ደወልኩ።

«ከድጃ፣ ብስክሌቷ ገብታለች?»

«አልጋው አጠገብ ናት። አንተስ? ዝናቡ በስልኩ እዚህ ድረስ ይሰማል። ውጭ ቆመህ ነው እንዴ የምትደውለው?»

ራሴን ዳበስኩት። «ውሃ ሆኛለሁ» አልኳት። ከድጃ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።