ከነጩ ልብስ ስር

አረንጓዴ ቀበቶ ታጥቄ አስራ አራት ወር ቆየሁ። ለሰማያዊው ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ፈታኞቹ ሁለቱንም ጊዜ «መከላከል አትችልም» ብለው ጻፉ። በጭሮው የቴኳንዶ አዳራሻችን ደንብ ሦስት ጊዜ የወደቀ ወደ ቢጫ ይመለሳል። ቢጫዎቹ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። እኔ ኬሚስትሪ የማስተምር የአርባ አንድ ዓመት ሴት ነኝ።

አሰልጣኛችን ማስተር መስዑድ ጠዋት የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከሰዓት እኛን ያሰለጥናል።

«ሰውነትሽ ለምዶ ቆሟል፤ ገመድ ዝለይ» አለኝ። ዘለልኩ።

«እንቁላል ጨምሪ።» ጨመርኩ።

«እንግዲያው አንድ ሳምንት እረፊ።» አረፍኩ። ቤት መዋል ስለነበረበት ከሦስቱ የከበደኝ እሱ ነው።

በፍልሚያ የምገጥመው የቀድሞ ተማሪዬን ብሩኬን ነበር። እግሩ ሁልጊዜ ጎኔ ላይ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ይቆማል፤ ከዚያ «አይዞዎት ቲቸር» ይለኛል። ማስታወሻዬ ላይ «የብሩኬ ምት አይደርስብኝም» ብዬ ጽፌያለሁ። በመከላከል ችሎታዬ መስሎኝ ነው።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፈርዶሳ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ከመሰላ ወረዳ መጥታ ተቀላቀለችን። በመጀመሪያው ቀን ጎኔን መታችኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ብሩኬ እየሮጠ መጣ። «ምን ነካሽ? ባለቤታቸው እኮ ሞተዋል! አንገታቸውን አታዪም?»

ፈርዶሳ አየች። «ጥቁር ካናቴራ ነው። በርዷት ነው ብዬ። እኛ ቤት ለሐዘን ጥቁር አይለበስም።»

ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ ዘመዶቼ ከገለምሶ መጥተው ከሌን አስወልቀውኛል። ከነጩ የልምምድ ልብስ ስር ይቺን አንዷን ካናቴራ ብቻ አስቀርቼ ነበር። ማንም አያያትም ብዬ ነው። ከተቀመጥኩበት ቀና ስል አስራ ሁለት ሰው አንገቴን ያያል።

«ማስተር፣ ታውቅ ነበር?»

«ሁሉም ያውቃል።»

«ታዲያ ገመድ ለምን አዘለልከኝ?»

«ምን ልበልሽ?» አለ መስዑድ።

በማግስቱ ካናቴራዋን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳትና ብሩኬ ፊት ቆምኩ። ባዶ አንገቴን አየ። እግሩ ግን አሁንም አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ።

«ብሩኬ፣ ኬሚስትሪ ስንት ነበር የሰጠሁህ?»

«አርባ ሁለት።»

«ራርቼልህ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም!»

«በል ምታ።»

መታኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ደረሰብኝ። በሁለተኛው ግማሹን መለስኩ። በሦስተኛው ብሩኬ «አይዞዎት» ማለቱን ትቶ ማቃሰት ጀመረ።

ፈተናው ገለምሶ ነበር። ፈታኙ «መከላከሏ መሻሻል አለበት» ብሎ ጻፈና አሳለፈኝ።

ስንመለስ የሚኒባሱ መስኮት አልዘጋ አለ። ካናቴራዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከላይ ደረብኳት። የወንድ ናት፤ ትከሻዋ ይሰፋኛል።

ፈርዶሳ ከጎኔ ሆና የካናቴራዋን ትከሻ፣ ቀጥላም እኔን አየች። «ቲቸር፣ አሁንስ በርዶሽ ነው?»

«በርዶኝ ነው» አልኳት።

ተጠጋችኝ። ክርኗ የተመታው ጎኔ ላይ አረፈ። አላነሳችውም፤ እኔም አንሺው አላልኳትም።