የእማዬ እግር

ሠዓሊዋ የእመቤታችንን እግር ስትስል የእናቷን እግር ነው የሳለችው። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ የሰው ልብስ ሲያጥብ ያረጀ እግር፤ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ አውራ ጣቱ ወደ ጎን የዞረ። ሥዕሉ እመቤታችን በሥጋም በነፍስም ወደ ሰማይ ስትወሰድ ያሳያል፤ የሚሰቀለውም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ መሠዊያ ላይ ነው።

ታላቅ እህቷ፣ የእናቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ፣ ገና ስታየው ቢወጓት ደም አይወጣትም።

«አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ? ዕድሜ ልኳን በካልሲ ስትደብቀው የኖረችውን!»

«የደበቀችው አንቺ ስለምታፍሪበት ነው።»

እህት ሆዬ በቀጥታ ወደ ቄሱ። ቄሱ ደግ ናቸው፤ ማኅበሩን ግን ይፈራሉ። መጥተው ሥዕሉን ሽቅብ ቁልቁል አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ወደ ሰማይ የወጣ ሥጋ እኮ የከበረ ነው። ስንጥቅ ምን ያደርግለታል?»

«ልጇስ ከሞት ሲነሣ የችንካሩን ቁስል ይዞ አይደል እንዴ አባ? እሷ ተረከዟን ይዛ ብትወጣ ማን ይከለክላታል?»

«እሱ ሌላ ነው። ለሰላም ስትዪ ትንሽ ደመና ጣል አድርጊበት። ያለ ደመና አይሰቀልም።»

የሠዓሊዋ ደም ፈላ። እናቷ ስትገነዝ ያቺው እህቷ አዲስ ካልሲ አጥልቃላታለች። አሁን ደግሞ ካልሲውን ሰማይ ቤት ድረስ ሊያስከትሉባት!

«ደመና ነው የምትፈልጉት? እሺ» አለችና በሩን ዘጋችባቸው።

በበዓሉ ቀን ራሷ በመጋረጃ ሸፍና የሰቀለችው ሥዕል ሲገለጥ ደመናው አለ። ያረፈው ግን የእመቤታችን ፊት ላይ ነው። ወፍራም ነጭ ደመና ከወገቧ በላይ ውጧታል፤ ከሥሩ ሁለቱ እግሮች፣ ስንጥቃቸው አንድም ሳይጎድል፣ ወጥተው ይታያሉ። ምእመናኑ አጉረመረሙ።

«ሽቅብ ከሚሄድ ሰው ለቀሪው መጨረሻ የሚታየው እግሩ ነው» አለች ሠዓሊዋ ጮክ ብላ። «እኔ እንደሆንኩ ወይ ፍንክች! ማውረድ ያማረው መሰላሉ ያውና።»

እህቷ ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሰላሉን ወጣች። ሠዓሊዋ ሥዕሉን ልትገነጥለው ነው ብላ ወደ መሰላሉ ተጠጋች።

እህቷ ጫፉ ላይ ስትደርስ እግሮቹ ከፊቷ ትይዩ ሆኑ። እጇን ሰደደች፤ ማንጠልጠያውን አልነካችም። ያንን የዞረ አውራ ጣት በጣቷ ዳሰሰችው፤ ቆይታም ዳሰሰችው። ከዚያ ፊቷ በእንባ እንደታጠበ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«የእማዬ እግር ነው» አለች። «እስቲ የሚያወርደው ይምጣ!»