ዓይናማውን የጣለች

«ይሄ ሁሉ ዓሣ የማነው?»

ድምፁ ከጋራዡ ተነሥቶ ሳሎን ድረስ ተሰማ። ለቀስተኛው በአሉሚኒየም ትሪ የሚያመጣው ምግብ ኩሽናውን አጥለቅልቆት ነበርና፣ ሴቶቹ ጋራዥ ውስጥ ያለውን ትልቁን ፍሪዘር ሲከፍቱ ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ የዓሣ ሥጋ ተደርድሮ ጠበቃቸው።

«የቆየ ይመስላል። እሱን እንጣልና ዶሮውን እናስገባ» አለች አንዷ።

መዝገቡ ሚስቱን ቀብሮ ከተመለሰ ወዲህ ከተነጠፈለት ፍራሽ ብዙም አልተነሣም። ሰው ሲገባ እጁን ይሰጣል፤ «እግዜር ያጽናህ» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ ውኃ ሲያቀብሉት ይጠጣል። አሁን ግን ጋቢውን እየጎተተ ተነሣና በወንበሮቹ መሀል አልፎ ጋራዡ በር ላይ ቆመ።

«አይጣልም» አለ።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ምግቡ ሊበላሽ ነው እኮ።»

«ይበላሽ። ያ የዓለምሸት ነው። እያንዳንዱን በገዛ እጇ ከወንዝ ያወጣችው ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። ዓለምሸትን የሚያውቋት በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ የምትቆም፣ ቅዳሴ ሲያልቅ የሰው ልጅ አቅፋ የምታባብል፣ ዳላስ ዳር ኧርቪንግ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል ላውንደሪ የምትሠራ ዝምተኛ ሴት። ለክርስትና፣ ለምርቃት ንጹሕ ዓሣ በፌስታል ታመጣ እንደነበር ሁሉም ያስታውሳል። ከየት ነው ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ፍሪዘሩ ተዘጋ። መዝገቡ ወደ ፍራሹ ተመለሰ።

ቤታቸው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ከሚያልፍበት መሥመር ሥር ነው። አውሮፕላኑ ሲመጣ መስኮቱ ይንቀጠቀጥና የለቀስተኛው ሹክሹክታ ይዋጣል፤ ሰዉም ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ አውሮፕላኑ ድንገት ያልፍና የአንዱ ሰው ቃል ራቁቱን መሀል ቤት ይቀራል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ራቁቱን የቀረው የወንድሟ የአዲሱ ቃል ነበር።

«…በዚያ ብርድ ወንዝ ለወንዝ ባያንከራትታት ኖሮ እህቴ ዛሬ በሕይወት ነበረች!»

አዲሱ የዓለምሸት ታናሽ ወንድም ነው፤ ሂውስተን ነዳጅ ማደያ አለው፤ ሬሳዋን ለማየት ሌሊቱን ነድቶ ነው የደረሰው። ከአጠገቡ የነበሩት ሰዎች ወደ ስኒያቸው አቀረቀሩ። የመዝገቡ ልጅ ህይወት ቴርሞሱን እንደያዘች ቆመች።

«አንክል፣ ፕሊስ» አለች።

«ምን ፕሊስ! ማለቴ፣ ሰው አይወቀው? ሂውስተን ትልቅ ሆስፒታል አለ፣ እኔ ጋ ትምጣ ብዬ ስንቴ ኮል አደረግኩ! እሱ ምን አደረገ? የታመመች ሴት ይዞ በታኅሣሥ ጀልባ ላይ! ሶ፣ ሳንባዋን ብርድ ቢመታው ምን ይገርማል?»

ሁሉም መዝገቡን አየው። መዝገቡ አዲሱን ትክ ብሎ አየውና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። መልሱ የእሱ አልነበረም፤ የሷ አደራ ነበር።

ዓለምሸት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው ያደገችው። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እሷ ከሌሎች ሴቶች ጋር ዳር ተቀምጣ፣ ከጀልባ የሚወርደውን ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ በቢላ እየገፈፈች ሥጋውን ከአጥንቱ ትለያለች፤ ቢላዋ ላይ ማንም አይደርስባትም ነበር። ውኃው ላይ መውጣት ግን አይታሰብም። «ሴት ጀልባ ላይ ከወጣች መረቡ ባዶ ይመለሳል» ይላል አባቷ። ማልዶ የሚወስደው አዲሱን ነው። እሷ ጀልባዋ ነጥብ እስክታህል ድረስ ቆማ ታያለች።

ከመዝገቡ ጋር ዲቪ ደርሷቸው ዳላስ ከመጡ ከዓመታት በኋላ፣ ሆቴሉ ውስጥ ጥገና የሚሠራ ዌይን የሚባል የአርካንሳ ሽማግሌ ሎከሩ በር ላይ የለጠፈውን ፎቶ አየች። ወርቃማ ጎን ያለው፣ ረጅም፣ ጥርሳም ዓሣ ነው፤ ዓይኑ እንደ ብርጭቆ ያበራል። «ምንድን ነው?» አለችው። «ዋልአይ» አላት። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ የሚያልፈውን ፎቶ እሷ በየቀኑ ቆማ ስታየው ጊዜ፣ ሽማግሌው በበዓል እረፍት ሁለቱንም አገሩ ወስዶ ዋሺታ ወንዝ ላይ አወጣቸው።

መዝገቡ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ውኃ የሚያውቀው በባልዲ ነው። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ እመቤቴን ይጠራል። ዓለምሸት ግን ወንበሯ ላይ እንደ ተሾመ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ዌይን ወንዙ ተጠማዝዞ ወደሚጠልቅበት ወሰዳቸው። እንዲህ ያለውን ስፍራ ያገራችን ሰው ባሕር ይለዋል፤ ላዩ ዝም ያለ፣ ሥሩ የማይታይ። ዋልአይ በብርዱ ወራት ከዚያ ሥር መሬቱን ታኮ ይተኛል። እርሳስ ያለበት መንጠቆ ትንሽ ዓሣ ተሰክቶበት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ መሬት ሲነካ ጥቂት ከፍ ይደረጋል፤ ከዚያ መጠበቅ ነው። «እንደ ሌላው ዓሣ ነጥቆ አይሮጥም» አላት ዌይን፣ «መታ ያደርግና ይተዋል። ብዙ ሰው አይሰማውም።»

ዌይን አልሰማውም። አብሯቸው የወጣው የዌይን ወንድምም አልሰማውም። እሷ ክሩን በሌባ ጣቷ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንገት የማጥመጃውን ዘንግ ቀና አደረገችው፤ ዘንጉም ጎበጠ። ዓሣው ከውኃው ሲወጣ የምሽቱ ብርሃን ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነደደ።

«ዓይናማ!» ብላ ጮኸች በአማርኛ። ከዚያ በኋላ በቤታቸው ዋልአይ ተብሎ አያውቅም፤ ስሙ ዓይናማው ሆነ።

ያረጀች የአሉሚኒየም ጀልባ ገዙ። መዝገቡ ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ ሞተሩን ለመደ። ክሩ ወደ ጎን ከተንጋደደ ጣቷ አይሰማምና፣ የሱ ሥራ ጀልባዋን በፍሰቱ ላይ ማቆም ነበር። ቀኑን ሙሉ ሆቴሉና ኤርፖርቱ መካከል ሻትል የሚነዳ ሰው፣ በእረፍቱ ደግሞ ላለመሄድ ይነዳል። ሆቴሉ ሪሴሽን ነው፣ ገበያ የለም ብሎ ሰዓት ሲቀንስባት ሌላው ሲያለቅስ እሷ ፈገግ አለች። «እሰይ፣ ለወንዙ ጊዜ አገኘን» አለች።

በሠልስቱ እትዬ እናትነሽ ከካሮልተን መጡ። በወጣትነታቸው መንዝ ውስጥ የታወቁ አልቃሽ ነበሩ፤ እዚህ አገር ግን ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል እየተባለ ድምፃቸውን አምቀው ነው የሚኖሩት። ገብተው እንደ ተቀመጡ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና መዝገቡን አዩት።

«በል ንገረኝ። ምን ብዬ ላልቅሳት?»

«ደግ ነበረች» አለች አንዲት ሴት።

«ሰው አክባሪ ነበረች» አለች ሌላዋ።

«ይሄማ ለሞተ ሁሉ ይባላል» አሉ እትዬ እናትነሽ። «ሥራዋን ንገሩኝ። የሷ ብቻ የሆነውን።»

መዝገቡ ህይወትን አያት። እሷም በዓይኗ «ንገራቸው» አለችው። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እሺ፣ እትዬ። እነግርዎታለሁ» አለ። «አዲሱም ይስማ።»

ከዝዋይ ጀመረ፤ ዳር ቆማ ጀልባ ከምታይባት ልጅ። ዌይንን ተረከ፤ የመጀመሪያውን ዓይናማ ተረከ። ከዚያ ድምፁ ቀነሰ።

«በመስከረም ሐኪሙ መድኃኒቱ ከዚህ በኋላ አይሠራም አላት። ካንሰሩ ሳንባዋም ውስጥ ገብቷል አላት። ወንዙ አይደለም፣ አዲሱ። በታኅሣሥ ወንዝ ከመሄዳችን ከወራት በፊት ነው። ለማንም እንዳትነግር ብላ አስማለችኝ። ‹ቆሜ እያየሁ ለቅሶ እንዲቀመጡብኝ አልፈልግም› አለችኝ። አሁን እናንተም ተቀምጣችኋል፣ እሷም አርፋለች፤ መሐላው እዚህ ላይ ያበቃል።»

አዲሱ የያዘውን ስኒ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«መድኃኒቱ ጣቷን ገድሎት ነበር። ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት ህይወት ነበረች የምታለብሳት። በታኅሣሥ ‹ውሰደኝ› አለችኝ። ወሰድኳት። እንቢ የሚል ባል ካለ እሱ ዓለምሸትን አላገባም። ውኃው ጥቁር ነው፣ ክሩ ላይ በረዶ ይይዛል። ባሕሩ ላይ አቆምኩላት። መንጠቆዋን ጣለች፣ ክሩን ጣቷ ላይ አደረገች። ዓሣው ይመታል፣ የዘንጉ ጫፍ ሲነቃነቅ እኔ በዓይኔ አያለሁ፤ እሷ አይሰማትም። እስክነግራት ትቶት ይሄዳል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ዞር ብላ ‹መዜ፣ ጣቴ ሞቷል› አለችኝ። እንመለስ አልኳት። ‹አንተ ጀልባህን ያዝ› አለችኝ።»

አውሮፕላን መጣ፤ መዝገቡ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ከዚያ ስካርፏን ከአፏ አወረደች። ጎንበስ ብላ ክሩን ታችኛው ከንፈሯ ላይ አሳረፈችው። እንዲህ ዓይኗን ጨፍና፣ ሳትነቃነቅ። እኔ ሞተሩን ይዤ አለቅሳለሁ፣ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ስንት እንደ ቆየን አላውቅም። ብቻ ዘንጉን ሽቅብ ስትመታው እኔ ምንም አላየሁም ነበር፤ ጫፉ እንኳን አልተነቃነቀም። ዓይኔ ያላየውን ከንፈሯ ሰማው። ታገላት፣ ታገለችው። ልርዳሽ ብል ‹እንዳትነካው!› አለችኝ። ሲወጣ ክንዴን ያህላል። በዕድሜዋ ያወጣችው ትልቁ እሱ ነው። ከንፈሯን ክሩ ቆርጦት ደም ይወርዳል፤ እሷ ትስቃለች።»

«ቫዝሊን ልቀባሽ ብላት እንቢ አለች» አለች ህይወት፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «በመስታወት እያየችው… ላይክ፣ በጣም ኮራች።»

እትዬ እናትነሽ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ታዲያ ይሄ ግዳይ አይደለም ወይ?» አሉ። «በአገራችን ግዳይ የጣለ ሰው በሹክሹክታ ይቀበራል እንዴ? ፖሊሱም ይምጣ!»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና፣ በዚያ ቤት እስከዚያ ሰዓት ተሰምቶ በማያውቅ ድምፅ ለቀቁት፦

«ከዳር ቁሚ ቢሏት፥ ልጅ ሆና በዝዋይ፣
አርካንሳ ተሻግራ፥ ወጣች ጀግና ገዳይ።
እጄ ከዳኝ ብላ፥ መች ከወንዙ ቀረች፣
በከንፈሯ ሰምታ፥ ዓይናማውን ጣለች!»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ወንዶቹ ከየወንበራቸው ተነሡ። በለቅሶው መሀል አንድ ሽማግሌ «ገዳይ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። መዝገቡ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፤ ሲያለቅስም ቀና ብሎ ነበር። ሙሾው በረድ ሲል እንባውን ጠርጎ ወደ ጋራዡ ሄደ፤ ፍሪዘሩን ከፈተና ለሴቶቹ «አሁን ጥበሱት፣ ሁሉንም» አላቸው። ሠልስት ሊቀመጥ የመጣው ሰው ሁሉ ከእጇ በላ። ትሪውን የሚያዞረው አዲሱ ነበር፤ ማንም ሳያዘው።

በማግስቱ ጠዋት አዲሱ ሻንጣውን መኪናው ላይ ጭኖ ሊሰናበት ተመለሰ። ለቀስተኛው ገና አልመጣም። መዝገቡ ደጃፉ ላይ ነጠላ ደርቦ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ልጅ ሆኜ ጀልባ ላይ ስወጣ ያስመልሰኝ ነበር» አለ አዲሱ። «ሁልጊዜ። እጠላው ነበር። ስንመለስ እሷ ነበረች ፊቴን የምታጥበኝ። አንድ ቀን አባታችን እኔን ትቶ እሷን ቢወስዳት…» ጫማውን አየ፣ መንገዱን አየ። «እንዴት ነው የሚሰማው? ማለቴ፣ ከንፈር ላይ?»

መዝገቡ ከነጠላው ጫፍ አንዲት ክር ፈልጎ ቀስ ብሎ መዘዛት፤ ረዘም ያለች፣ ነጭ። አንዱን ጫፍ ለአዲሱ እጅ ሰጠው፤ ሌላውን እሱ ያዘ። ክሯን ወጥሮ በአዲሱ ታችኛው ከንፈር ላይ አሳረፋት።

«ዓይንህን ጨፍን» አለው።

አዲሱ ጨፈነ። መዝገቡ ትንፋሹን ያዘና በትንሿ ጣቱ ጥፍር ክሯን አንድ ጊዜ መታ አደረጋት፤ በጣም ቀስ ብሎ።