ምን ብላው ነው?

1.

ምን ብላው ነው?

2.

መጀመሪያ የጠየቀችው እናታችን ናት። ታላቅ እህቴ፣ የውብዳር፣ ሆስፒታል ተኝታለች፤ የተሰበረ መንጋጋዋ በሽቦ ታስሯል፤ አንድ ዓይኗ በእብጠቱ ተሸፍኗል። እናታችን በሩ ላይ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

ማን እንደመታት አልጠየቀችም። እሱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ባሏ አስናቀ ነው። በምን እንደመታትም አልጠየቀችም። እሱ ፈተናውን ጨርሶ የወጣ ይመስል፣ ጥያቄው በሙሉ ለእሷ ተረፈ።

3.

ስለ አስናቀ ማወቅ የሚገባችሁ።

ሰው አክባሪ ነው። ደረጃ ላይ አሮጊት ካገኘ ዘንቢላቸውን ይቀበላል። ለቅሶ አይቀርም፤ ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። «ሲናደድ ግን ራሱን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ተፈጥሮው ነው» ይላሉ የሚወዱት።

አለቃው በሰው ፊት አዋርዶት ያውቃል። የታክሲ ረዳት ሰድቦት ያውቃል። አንድ ጎረምሳ መኪና ማቆሚያው ላይ የእናቱን ስም እየጠራ ሰድቦት ያውቃል። የአንዳቸውም መንጋጋ አልተሰበረም። ተፈጥሮው ሰው ይመርጣል ማለት ነው።

4.

ምን ብላው ነው?
(ልብሷን ላመጣላት ወደ ኮንዶሚኒየማቸው ስሄድ ደረጃው ላይ የሰማሁት)

አንደኛ ፎቅ፦ «አንተም ወንድ ነህ?» ብላው ነው አሉ።

ሁለተኛ ፎቅ፦ እናቱን ሰድባበት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ፣ ግድግዳ የሚጋሯቸው ሴትዮ፦ ምንም አላለችው። እሱ ሲናገር እሷ ዝም። ዝም ሲሉትስ ሰው አያብድም? ንቀት እኮ ነው።

አራተኛ ፎቅ፦ እኛ ምንም አልሰማንም። ግን የሆነ ነገርማ ብላዋለች። እንዲሁ በባዶ ሜዳ አይመታትም።

የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ጩኸቱን እንደሰሙ ቴሌቪዥናቸውን ከፍ አደረጉት። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ልጆቹ እንዳይደነግጡ ብለው።

5.

ጥያቄውን እንዴት እንደምትጠይቁ።

ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። የምታዝኑ ምሰሉ፤ ብታዝኑም አይከፋም። ቀጥሎ «መምታቱ ልክ ነው አላልኩም» በሉ። ይህችን መዝለል አይቻልም። ከዚያ ትንሽ ቆም በሉና፦

ግን

6.

የውብዳር አጥሚት በቀሰም ትጠጣለች። በታሰረው ጥርሷ መሀል ታጉረመርማለች፤ እኔ ደግሞ አስተረጉማለሁ። ከሆስፒታል ወጥታ እናታችን ቤት ካረፈች በኋላ አስናቀ ሽማግሌ እንደሚልክ ሰማን። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ሽማግሌዎቹ ያስታርቃሉ፤ እሷ ፖሊስ ጋ ያለውን ክስ ትተዋለች፤ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

«ወደዚያ ቤት ከመለሳችሁኝ ሁለተኛ ሆስፒታል አትመጡም» አለችኝ። «በቀጥታ ቀብር ነው የምትመጡት።»

ይህንን ለእናታችን አስተረጎምኩላት። «እኔስ ከአባታችሁ ጋር አልኖርኩም?» አለች። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እንዴት እንደኖረች ስትናገር ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር። ያሳዘነኝን ያህል አናደደችኝ።

7.

ሽምግልና። ቦታው እናታችን ሳሎን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ዋናው የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ደርበው። ከዚህ በታች ያለው በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ ቀለም አልቀባሁትም።

ጋሽ ደርበው፦ አስናቀ፣ እጅህን መሰንዘርህ ነውር ነው።

አስናቀ፦ አጥፍቻለሁ ጋሼ። ሰይጣን ነው።*

ጋሽ ደርበው፦ ጥሩ። አንቺም ልጄ፣ ሰይጣኑን ማን እንደጠራው ማወቅ አለብን። ለመሆኑ ምን ብለሽው ነው?

የውብዳር፦

እኔ፦ ጋሼ፣ መንጋጋዋ እኮ ታስሯል።

ጋሽ ደርበው፦ አንቺን አልጠየቅንም። እሷ ራሷ አፍ አላት።

የውብዳር፦

ሁለተኛው ሽማግሌ ስለ ሴትና ስለ ምላስ አንድ ተረት ጀመሩ። እዚህ አልጽፈውም። ይህን ሁሉ ሲሉ የሚያዩት አፏ በሽቦ የተጠረነፈ ሴት ነበር፤ ቢሆንም ተረቱን ጨረሱት።

ከዚያ ፍርድ ሰጡ። እሷ በአፏ፣ እሱ በእጁ አጥፍተዋል፤ ስለዚህ እኩል ናቸው። አስናቀ ተነስቶ ጉልበቷ ላይ ወደቀና አለቀሰ። የውሸት ለቅሶ ነው አልልም። ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ትንፋሿን ሰበሰበች። ሽቦው መሀል ምራቋ አረፋ ሠራ። አንድ ቃል ብቻ ወጣች፦

«ይቅር።»

___
* ሰይጣን ለሽምግልናው አልተጠራም። የእሱን ወገን የሰማ የለም።

8.

ስለዚህ ቃል።

ሻይ ልጨምርልሽ? ይቅር። ነገ ልምጣ? ይቅር። ይህ ማለት አይሁን፣ ተዉት፣ አልፈልግም ማለት ነው። እህቴ ያለችው ይህንን ነው። ትዳሩ ይቅር።

ሽማግሌዎቹ ግን ሌላኛውን ሰሙ።

«ይቅር አለች!» አሉ ጋሽ ደርበው። እናታችን እልል አለች። ሦስቱም ለምርቃት ቆሙ።

ዘልዬ ተነሳሁ። ምን ልበል? «ይቅር አላለችም» ልበል? ብላለች። «ይቅር ብላለች» ልበል? እነሱም የሚሉት እሱኑ ነው። የገዛ ቋንቋዬ ከዳኝ። «ትዳሩ ይቅር ማለቷ ነው!» ስል ሁለተኛው ሽማግሌ ትዳር አፍራሽ አሉኝ። የውብዳር ራሷን ግራና ቀኝ ስትወዘውዝ እናታችን አናቷን በእጇ ይዛ ዝቅ አደረገችላት። ለምርቃት ያጎነበሰች መሰለች።

አሜን።

አሜን።

አሜን።

9.

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ ጋሽ ደርበው ቀድመውናል። «ይቅር ብላለች፤ ምስክር አለን» ብለው ጨርሰዋል።

መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት። እውነቱን እናገራለሁ፤ ሥራዋን በደንብ ሠራች። ሽማግሌዎቹን አስወጣች። እኔንም «አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ወንበሯን ወደ እህቴ አስጠግታ ይቅር ማለት አለማለቷን ጠየቀቻት።

የውብዳር ያችን ቃል ሁለተኛ አላነሳችም።

«አልመለስም» አለች። «ክሱን አልተውም።»

ደገመችው። ሽቦው ድዷን አደማው፤ ደግማ አለችው። መርማሪዋ ያለ አስተርጓሚ ሰማቻት። ቃሏን ጻፈች፤ አነበበችላት፤ አስፈረመቻት። ክሱ ይቀጥላል፤ ማንም ሽማግሌ በእሷ ስም ሊዘጋው አይችልም አለች። ተነስቼ ልስማት ምንም አልቀረኝም። በዚያ ሁሉ ሰሞን ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ልንወጣ ስንነሳ መርማሪዋ የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች። መዝገቡን ዘጋች። ወደ እህቴ ጎንበስ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይሄ ለመዝገቡ አይደለም፤ እንዲያው ሴት ለሴት ነው» አለች። «መምታቱ ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ምን ብለሽው ነው?»

10.

እህቴ ምን እንዳለችው አውቃለሁ። ነግራኛለች።

እናንተም ስትጠብቁ እንደነበር አውቃለሁ። ከአንደኛ ፎቅ ጀምሮ አብራችሁኝ ወጥታችኋል፤ ሳሎኑ ውስጥም ጆሯችሁን አቁማችሁ ነበር። መጨረሻ ላይ ትነግረናለች ብላችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት።

አልነግራችሁም። ቀላል ነገር ቢሆን «ለዚህች ብሎ ነው?» ትላላችሁ። ከበድ ያለ ቢሆን ደግሞ «አሃ» ትላላችሁ። ያችን «አሃ» ከማንም መስማት አልፈልግም። መሮኛል።

ስለዚህ እናንተው ጻፉት። የሰው መንጋጋ ለመስበር ይበቃል የምትሉትን አንድ ዐረፍተ ነገር። ቦታ ትቼላችኋለሁ፤ ስማችሁንም ከሥሩ አድርጉበት።

«                                                                                »

ስም፦