ሽቦ ያነቀው ብርቱካን

እትዬ መርፌን ማንም አልጠየቃቸውም። የግቢው ብርቱካን ይቆረጥ ሲባል ልጃቸው ከጎረቤት ጋር መክሮ፣ መጋዝ ተውሶ ጨርሷል፤ ለእሳቸው የነገራቸው ጠዋት፣ ቁርሱን እያላመጠ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፍተው ያሳደጉት ልጅ! መርፌ የሚለው ስም የወጣላቸው ለሙያቸውም ለምላሳቸውም ነበርና፣ ጎርሰህ ጨርስና ስማኝ፣ ዛፉም ቤቱም የእኔ ነው አሉት።

ልጁ ግንበኛ ነው፤ ለግድግዳ ይሳሳል። ዛፉ ወደ እናቱ መኝታ ቤት ጣሪያ ዘሟል፤ ሥሩ ሞቷል፣ ይሄ ንፋስ ከበረታ ማታ አንቺው ላይ ይወድቃል ባይ ነው። እሳቸው ደግሞ የሞተ ዛፍ እንዲህ አያፈራም ባይ ናቸው። እውነትም ዓምና ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ፣ ፍሬው ማር ማር ብሎ፣ እጄ ነው እንዲህ ያደረገው እያሉ ሰፈሩን አሰልችተው ነበር። ዘንድሮ ግን ቅጠሉ ገርጥቷል።

ገመዱ ግንዱ ላይ ታስሮ መጋዙ ሊነሳ ሲል፣ እርሻ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ቅርፊቱን ስትዳብስ እጇ ቆመ። ግንዱ ወገቡ ላይ እንደ ቀለበት አብጧል፤ እብጠቱ ውስጥ ሽቦ ተቀብሯል።

"ይሄን ማን አሰረው?"

"እኔ ነኛ። የደንበኛ ልብስ መሬት ላይ ላስጣ?" እርጥብ ልብስ ሲሰጣበት ሽቦው እንዳይረግብ ሁለት ዙር ጠምጥመው፣ በጉጠት ያጠበቁት እሳቸው ናቸው።

ልጅቷ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ቅጠል በፀሐይ የሚሠራውን ስኳር ዛፉ በሙሉ ይካፈለዋል፤ ከፊሉን ለጉልበቱ ያነደዋል፣ ከፊሉን እንጨትና ቅርፊት ያደርገዋል፣ የተረፈውን ስታርች የሚባል ስንቅ አድርጎ ሥሩ ውስጥ ያስቀምጣል። መውረጃው ቅርፊቱ ነው። ሽቦው ሲያንቀው ስኳሩ ከሽቦው በላይ ቀረና ፍሬው ጣፈጠ፤ ሥሩ ያጠራቀመውን እየበላ ከረመ፤ አሁን ጨረሰ።

"ዓምና የበላነው የሥሩን ቀለብ ነዋ" አሉ አሮጊቷ። ጣሪያው ላይ ቆርቆሮው ተንኳኳ።

እትዬ መርፌ ተንበርክከው አፈሩን በመቀስ ጫፍ ጫሩ። አንዱ ሥር ተሰባበረ፤ ሌላውም ደረቅ ነው። ሦስተኛውን ሲፍቁት ነጭና እርጥብ ሆኖ ወጣ። ልጅቷ አንድ መላ አለ አለች። ከዚሁ ዛፍ ቀጭን ለጋ ቅርንጫፎች ተቆርጠው፣ አንድ ጫፋቸው ከቁስሉ በላይ፣ አንዱ ከታች ቅርፊቱ ሥር ቢገቡ ስኳሩ በእነሱ ይወርድ ይሆናል፤ ግን አንዴ ብቻ ነው ያየችው፣ እጇም እየተንቀጠቀጠ ነው።

አባቷ ንፋሱ አይጠብቀንም ብሎ መጋዙን አነሳ። ግንዱ ጮኸ፤ ገመዱ ተወጠረ።

እትዬ መርፌ ጀርባቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ቆሙ። "አንቺ የት እንደሚገባ አሳዪኝ፤ የእኔ እጅ አይንቀጠቀጥም" አሏት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አንተ መጋዝህን አስቀምጥ። የምትገነባበትን ቋሚ እንጨት ሁሉ አምጥተህ ዛፌን ደግፍልኝ፤ ሥሩ እስኪጠግብ ማንም እንዳያነሳው። እኔም ዛሬ ሳሎን ነው የምተኛው። ሽቦውን ደግሞ ከግንዱ ቆርጠህ እዚያ በምትሳሳለት ግድግዳህ ላይ ሚስማር መትተህ እሰርልኝ፤ የሰው ልብስ እርጥቡን ተቀምጧል።"